ብይ የተጫወተ ሰው አቶም አይከብደውም

ስለ ሳይንስ የምንጽፍ ሰዎች ውጤቱን ነግረን መንገዱን እንዘላለን። «ራዘርፎርድ የአቶምን ኒውክለስ አገኘ» ብለን እንዘጋዋለን። እንዴት አገኘው? በዓይኑ አላየውማ!

ነገሩ ብይ ለተጫወተ ሰው ግልጽ ነው። ከባድ ብይ ቀላሏን ቢመታ ወደፊት መሄዱን ይቀጥላል። ነጥሮ የሚመለሰው የተመታው ከመቺው ከከበደ ብቻ ነው።

ቶምሰን እ.ኤ.አ. በ1904 ያቀረበው አቶም፣ በተሰራጨ ፖዘቲቭ ቻርጅ ውስጥ ኤሌክትሮኖች የተሰገሰጉበት ነበር። አልፋ ቅንጣት ደግሞ ኤሌክትሮንን በክብደት ከ7,000 ጊዜ በላይ ይበልጠዋል። እንዲህ ባለ አቶም ውስጥ ማን ያስቆመዋል? በ1909 ግን ማንችስተር ውስጥ ጋይገርና ማርስደን አልፋን ፕላቲነም ላይ ሲተኩሱ ከ8,000 አንዱ ያህል ተመልሶ መጣ። (ማርስደን ያኔ የ20 ዓመት ተማሪ ነው፣ የእኛው እኩያ! ሥራውም ጨለማ ክፍል ተቀምጦ ብልጭታ መቁጠር ነበር።) እንግዲህ ውስጥ አንድ ከባድ ነገር አለ ማለት ነው። ደግሞ በጣም ትንሽ መሆን አለበት፤ አለበለዚያ ብዙዎቹ ሳይነኩት ባላለፉ። ራዘርፎርድ ይህንን በሒሳብ አስልቶ በ1911 አሳተመ። የወርቅ ኒውክለስ ከአልፋ 50 ጊዜ ያህል ይከብዳል።

ጋዜጦቻችን ግን ይህን ሁሉ ትተው ኤሌክትሮን እንደ ፕላኔት የሚዞርበትን ሥዕል ይለጥፉልናል። ሥዕሉ ያምራል፣ አልካድኩም። ግን አንባቢው «በምን አወቃችሁ?» ቢል መልስ የለውም። በበኩሌ ሥዕሉ ቀርቶ ብዩ ቢጻፍልኝ እመርጣለሁ።