ለሐኪም ያልተነገረው ኮሶ

ከቤተ ሰብ መካከል የአንዱ ዓይን በድንገት ሲፈዝ፥ እግሩም ሲደነዝዝ፥ ቤቱ በሙሉ በጭንቀት ይያዛል። የዓይን ሐኪሙ መርምሮ ሞራም ሆነ ማዝ አላገኘሁም ይላል፤ መነጽር ቢለወጥም ለውጥ የለም። ያን ጊዜ አንዱ ምች ነው፥ ሌላው የሰው ዓይን ነው፥ ሦስተኛው መተት ነው እያለ ሲከራከር ቀኑ ያልፋል። እንዲህ ያለው ሕመም ሥሩ ከዓይን ኋላ፥ ብርሃንን ወደ አንጎል በሚያደርሰው ጅማት ላይ ሊሆን ይችላል። ወደዚያ ለመድረስም ሐኪሙ ከመሣሪያው ባላነሰ የታማሚው ቃል ያስፈልገዋል።

ሐኪሙ አስቀድሞ «የወሰዱት መድኃኒት አለን?» ብሎ ይጠይቃል። አባወራው «ኧረ ምንም!» ብሎ ይመልሳል። ሊዋሽ ብሎ አይደለም፤ ኮሶን ከመድኃኒት አይቈጥረውምና ነው።

የአዲስ አበባ ገበያ በአራዳ፥ በገነተ ጽጌ ቅዱስ ጊዮርጊስ አጠገብ ይውል የነበረው ቀርቶ በጣሊያን ወረራ ዘመን ወደ መርካቶ ተዛወረ። የፒያሳው ዶሮ ማነቂያም በ2016 ዓ.ም. ፈርሶ ነዋሪው በየአቅጣጫው ተበተነ። ጾም ሲፈታ ጥሬ ሥጋ መቍረጡና ኮሶ መጠጣቱ ግን ከሰው ጋራ አብሮ ሄዷል። የሴቴዋ ዛፍ አበባ ደርቆ፥ ተወቅጦ፥ በውኃ ወይም በጠላ ተበጥብጦ በባዶ ሆድ ይጠጣል። ሚዛኑ የወቃጩ እጅ ነው። ትሉ አልወጣ ያለ እንደ ሆነ በላይ በላዩ ይደገማል፤ አደጋውም ከዚህ ላይ ይመጣል።

በኮሶ መመረዝ በዓይን ላይ ስለሚያደርሰው ጕዳት በኢትዮጵያ የሕክምና መጽሔት ላይ የተጻፈው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1969 ዓ.ም. ነው። በ1985 ዓ.ም. ደግሞ ሌሎች ሊቃውንት ኮሶንና እንቆቆን በጫጩቶች ላይ ፈትነው ሁለቱም የማየት ኀይልን እንደሚጎዱ ጽፈዋል። አባቶቻችን በኮሶ ተጠቅመው መኖራቸውን አንክድም፤ ነገር ግን ዛሬ ፕራዚኳንቴልና ኒክሎሳማይድ በልክ ተመጥነው ሲገኙ፥ በግምት የተወቀጠውን ደጋግሞ መጨለጥ ምን ይባላል? ፈጽሞ የሞተ የዓይን ጅማት ተመልሶ አይበቅልም።

ኮሶ ብቻም አይደለም። ለሳንባ ነቀርሳ የሚሰጠው ኤታምቡቶል፥ መጠኑ ሲበዛ ወይም ኵላሊት ሲደክም፥ ዓይንን ሊያደበዝዝና ቀዩን ከአረንጓዴው መለየት ሊያሳጣ ይችላል፤ አብሮት የሚዋጠው ኢሶኒያዚድም እግርን ሊያደነዝዝ ይችላል፤ ለዚህ ቫይታሚን ቢ 6 ይታዘዛል። ታማሚው በገዛ ፈቃዱ መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ነገር ግን ምልክቱን ባየበት ቀን ለሐኪሙ ይንገር። ሜታኖል የተቀላቀለበት አረቄ የጠጣ ሰው ደግሞ በሰዓታት ውስጥ ወይም በማግሥቱ ዓይኑ ጭጋግ ሊለብስበት ይችላል፤ እንዲህ ሲሆን በዚያው ሰዓት ወደ ሐኪም ቤት መሮጥ እንጂ እስኪነጋ መጠበቅ የለም። ጓያን ለረጅም ጊዜ አብዝቶ መብላት እግርን ያሽመደምዳል እንጂ ዓይንን አያጠፋም፤ ስለዚህ ሁለቱ አንድነት ሲታመሙ ሌላ ምክንያት መፈለግ ይገባል። የስኳር በሽታ፥ የቫይታሚን ቢ 12 ማነስ፥ የአንጎል እብጠትም አሉ፤ እነዚህን ግን ምርመራ ይለያቸዋል።

ጠበል የያዘ ታማሚ ሐኪም ዘንድ መሄድ እምነቱን መካድ የሚመስለው አለ። መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ስለ ሐኪም ክብር የሚናገረውን ያነበበ ግን እንዲህ አይሠጋም። ጠበሉንም ቢሆን ሳይደብቅ፥ ስንት ቀን እንደ ጾመበትና ከእርሱ ጋራ የጠጣው ሥር እንዳለ ለሐኪሙ ይንገር።

በከተማችን የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል በዓይን ሕክምና የታወቀ ነው፤ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታልም የነርቭ ሐኪሞች አሉ። ወደ አንዱ የሚሄድ ሰው የፊተኛውን ሐኪም ወረቀት ይዞ ይሂድ። የቤት እመቤትም ፍዘቱ የጀመረበትን ቀን፥ በአንድ ዓይን ወይም በሁለቱ መሆኑን፥ የሚያመው ዓይኑን ሲያዞር እንደ ሆነ፥ ባለፉት ሁለት ወራት የተዋጠውንና የተጠጣውን ሁሉ በወረቀት ጽፋ ትስጠው። የተረፈ የኮሶ ዱቄት በቋጠሮ ካለ አይጣል፤ ከነቋጠሮው ለሐኪሙ ይወሰድ።