የሠርግ ፎቶግራፍ አስቀድሞ ይታሰብበት

ከጥምቀት በዓል በኋላ ዐቢይ ጾም እስኪገባ ድረስ ባሉት ሳምንታት በየሰፈሩ ድንኳን ይተከላል፤ የሠርግ ዘፈንም ይሰማል። በዚህ ወራት ቤተሰብ ስለ ድግሱ፣ ስለ ልብሱና ስለ መኪናው አብዝቶ ይመክራል። ስለ ፎቶግራፉ ግን አንሺውን ከመቅጠር አልፎ የሚመክር ጥቂት ነው። ድግሱ ተበልቶ ያልቃል፤ ለልጅ ልጅ የሚተርፈው ግን ፎቶግራፉ ነው።

ይህን የምንጽፈው ከራሳችን ጥፋት ተምረን ነው። በቤታችን ሠርግ በሆነ ጊዜ ከሺህ የሚበልጥ ፎቶግራፍ ተነሣ። ኬኩ ከየአቅጣጫው ተነሥቷል፤ መኪናውም እንደዚሁ። ሙሽራዪቱን ያሳደጓት አያት ግን በጓዳ ሲያስተናግዱ ውለው ነበርና፣ ከልጅ ልጃቸው ጋር የተነሡት አንድ ስንኳ አልተገኘም። በዓመቱ አያቲቱ ዐረፉ። አንሺውን ልንወቅሰው አልቻልንም፤ እሳቸውን የምናውቅ እኛ እንጂ እርሱ አልነበረምና።

ስለዚህ ሠርጉ አንድ ሳምንት ሲቀረው ወላጆች ወረቀትና እርሳስ ይዘው ይቀመጡ። በመጀመሪያ ሳይነሡ መቅረት የማይገባቸውን ሰዎች ስም ይጻፉ። ቀጥሎ ማን እንደሚቀመጥ፣ ማን ከኋላ እንደሚቆም በወረቀቱ ላይ ይንደፉ። በዕለቱ እያንዳንዱን በስሙ ጠርቶ የሚያቀርብ አንድ ዘመድም ይመደብ።

ሐሳቡ ከወዴት ይገኛል የሚል ቢኖር፣ አስቀድሞ በቅርቡ ያለውን ይመልከት። በቤተ ክርስቲያናችን ጥንታዊ አሣሣል ጻድቃን ሁለቱም ዓይኖቻቸው እየታዩ ፊት ለፊት ይሣላሉ፤ ክፉዎች ግን ባንድ ዓይን በጎን ይሣላሉ። ከዚህ የፊትን ክብር እንማራለን። ከውጭ አገር ሠዓልያንም የሚቀሰም አለ። ያን ቫን ኤይክ እ.ኤ.አ. በ1434 የሣለው፣ ዛሬ በሎንዶን ናሽናል ጋለሪ የሚገኘው የአርኖልፊኒ ባልና ሚስት ሥዕል፣ የተያያዙትን እጆች በመካከል አድርጎ ያሳያል፤ ብርሃኑም በጎን ካለው መስኮት ይገባል።

ይህንኑ በቤት ማድረግ ገንዘብ አይጠይቅም። ሙሽሮቹ በመስኮት አጠገብ ጎናቸውን ለብርሃኑ ሰጥተው ይቁሙ። በጨለመው ወገን አንድ ሰው ነጭ ጋቢ ዘርግቶ ቢይዝ፣ ብርሃኑ ተመልሶ ጥላውን ያለዝበዋል። በደጅ የሚነሡ እንደ ሆነ ቀትር ይቅር፤ ፀሐይ ከራስ በላይ ስትሆን ዓይን በጥላ ይዋጣልና። ከቀኑ 10 ሰዓት በኋላ ያለው ብርሃን ይሻላል። ጥቁር ካባና ነጭ ቀሚስ ጎን ለጎን ሲሆኑም ካሜራው ይሳሳታል፤ ስለዚህ አንሺው ብርሃኑን በፊታቸው ላይ ይለካ።

በሥርዓተ ተክሊል ጊዜ ግን ካህናቱ አስቀድመው ይጠየቁ። አክሊሉ በራሳቸው ሲደፋ አንሺው ባንድ ስፍራ ቆሞ ያለ ብልጭታ ያንሣ። ጸሎት ለፎቶግራፍ ተብሎ አይቋረጥም፤ አይደገምምም።

በመጨረሻም፣ በስልክ የተከማቸ ሺህ ፎቶግራፍ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና፣ አሥሩ ተመርጦ በወረቀት ይታተም፤ በጀርባውም ስምና ዓመተ ምሕረት ይጻፍበት። እኛ ያጣነውን እናንተ እንዳታጡ፣ ስሙን ዛሬውኑ መጻፍ ጀምሩ፤ ስትጽፉም ከአያት ጀምሩ።