ጂ 10 ነው ወይስ 9.78?

ባለፈው ቅዳሜ አንድ የድሮ ተማሪዬ ቡና ልንጠጣ ቤት መጣ። ዛሬ ሲቪል ኢንጂነር ነው። ለ2,000 ሊትሩ ሮቶ ያሠራሁትን የብረት መቆሚያ ዞር ዞር ብሎ አየና "ቲቸር፣ ሎዱን ስንት ይዘው ነው?" አለኝ።

ይህንንማ ስጠብቅ ነበር! ደብተሬን አወጣሁ። መጽሐፉ ላይ ጂ 9.8 ነው፤ አዲስ አበባ ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ናት፣ ከባሕር ወለልም ከ2,300 ሜትር በላይ ነች፤ ስለዚህ 9.78 ገደማ። ሲባዛ 19,560 ኒውተን። ልጁ ገረፍ አድርጎ አየውና "እኛ 20 ኪሎ ኒውተን ብለን በ1.5 እናባዛዋለን" ብሎ ቡናውን ፉት አለ።

ታውቁኛላችሁ፣ ተናደድኩ። 440 ኒውተን ከሜዳ አምጥቶ ጨመረ፤ ያ ሳያንሰው በግማሽ አሳደገው። ያን ሁሉ ጠመኔ የጨረስኩት ለዚህ ነው?

"የሮቶው የራሱ ክብደትስ ቲቸር? የብረቱስ?"

አልደመርኩም። ሁለቱ ብቻ የተጣላንበትን 440 ኒውተን ይበልጡታል። ባዶ ሲሆን ንፋስ ሲገፋውስ? ዝም። እግሮቹ ያረፉት ምን አፈር ላይ ነው? ዋልካ። ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፤ አራቱ እግሮች እኩል ላይሰምጡ ይችላሉ። ከሥሩ ደግሞ የጎረቤት ልጆች ኳስ ይጫወታሉ።

እኛ የፊዚክስ ሰዎች የምናውቀውን እስከ መጨረሻዋ ዲጂት እናጠራና ለቀረው "ቸል እንበለው" እንላለን። ኢንጂነሩ ደመወዝ የሚበላው ቸል ባልነው ነገር ነው። ያቺ 1.5 ስንፍና ትመስለኝ ነበር፤ ለካ "ይህን ያህል አላውቅም" ብሎ በቁጥር መፈረም ኖሯል። ፕላስ ማይነስ ሳትጽፉ ስትቀሩ ማርክ የቀነስኳችሁ እኔ፣ በራሴ ደብተር ላይ አልጻፍኩትም።

ኢንጂነሮችም ግን አትኩራሩ! በ1999 ናሳ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተርን ያጣው አንዱ ወገን በፓውንድ፣ ሌላው በኒውተን ስለሠራ ነው። ልዩነቱ 4.45 እጥፍ፤ እሱን ደግሞ 1.5 አያድነውም። ዩኒት ለረሳ ዜሮ የምሰጠው ወድጄ አልነበረም።

ለማንኛውም ሮቶው መሬት ወርዷል። መቆሚያው ሰያፍ ብረት፣ እግሮቹም ኮንክሪት እስኪያገኙ ድረስ ውሃ በጆግ እየቀዳን ነው።

ልጁ "ጂ ግን 10 ነው ቲቸር" አለኝ። በረካውን ሳይጠጣ ሸኘሁት።