ጉርድ ፎቶና የስልካችን መቀስ



ከተሰደድን ወዲህ ጉርድ ፎቶ ከኪሳችን ጠፍቶ አያውቅም። ለመታወቂያ ሁለት፣ ለትምህርት ቤት ሁለት ስንባል ኖረናል። «ጉርድ» የተባለው ከደረት በታች ስለሚቆረጥ ነው፤ ቢሮው የሚፈልገው ፊታችንን ነዋ! ዛሬ ፌስቡክና ዋትስአፕ ላይ ስንለጥፍም የምናደርገው ያንኑ ነው። ልዩነቱ መቀሱ ከፎቶ ቤት ወጥቶ በእኛው ስልክ ውስጥ መግባቱ ነው። ቁልፉ «ክሮፕ» ይባላል፤ ስልካችሁ በፈረንሳይኛ ከሆነ «ሮኜ» ወይም «ረካድሬ» የሚለውን ፈልጉ።

እስቲ ከቅርጹ እንጀምር። የዋትስአፕና የፌስቡክ መለያ ፎቶ የሚታየው ክብ ሆኖ ስለሆነ ጥግ ላይ የቆመ ሰው ይቆረጣል። ስለዚህ አስቀድማችሁ አራቱን ጎን እኩል አድርጋችሁ ከርክሙ፤ ፊት መሃል ይሁን። ፎቶው ጠበበ ብላችሁ ግን አትለጥጡት፤ የሰው መልክ ይበላሻል።

ቀጥሎ መጠን ነው። የስልክ ፎቶ ፒክስል ከሚባሉ ጥቃቅን ነጥቦች የተሠራ ነው። 4000 በ3000 የሆነ ፎቶ 12 ሚሊዮን ነጥብ አለው። ከሰርግ ፎቶ የእህታችንን ፊት ብቻ 300 በ300 አድርገን ብንቆርጥ የሚተርፈን 90 ሺህ ነው፤ ሲያጎሉት ይደበዝዛል። ለፌስቡክም ለኢንስታግራምም ከተከረከመ በኋላ ወርዱ 1080 ነጥብ ከቀረ ይበቃል። 3.5 በ4.5 ሳንቲ ሜትር ጉርድ ጥርት አድርጎ ለማሳተም ደግሞ 413 በ531 ያህል ያስፈልጋል። ሁልጊዜ ቅጂውን ቁረጡ፤ ዋናው አይነካ። ከሀገር ይዘነው የወጣነው ፎቶ ከሆነማ ምትክ የለውም።

ትልቁ ጉዳይ ግን ምን ይቆረጥ የሚለው ነው። እዚህ ካርቲየ 1 ስንነሳ ከጀርባችን የምንኖርበት በርና የሱቁ ስም ይታያል። አሊ አዴና ሆልሆል ያላችሁ ደግሞ የመጠለያው ቁጥር፣ የራሽን ካርዱ፣ የጎረቤት ልጅ አብሮ ይገባል። ዘመድ በናፍቆት የሚያየውን ፎቶ የሸሸነውም ሰው ያየዋል። ስለዚህ ከመለጠፋችን በፊት አራቱንም ጥግ እንይ፤ ቦታ የሚያስታውቀውን እንቁረጥ፤ የሰው ልጅ ከሆነ እናቱን እንጠይቅ።

ቀይ መስቀል ከ2013 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ «ትሬስ ዘ ፌስ» በተባለው የኢንተርኔት ገጹ በስደት የተጠፋፉ ቤተሰቦችን ያፈላልጋል። እዚያ የሚወጣው ፎቶ የጠፋው ሰው ሳይሆን የፈላጊው ነው። «ወንድሜን እፈልጋለሁ» ይላል እንጂ ስም አይጻፍም። የጠፋው ሰው ተደብቆ ሊሆን ይችላላ! ከኦቦክ ወደ የመን የተሻገረ ወንድም ያላችሁ፣ ፊቱን አደባባይ ከማውጣታችሁ በፊት ይህን አስቡበት።

አንድ ነገር ደግሞ አለ። ጥራቱ እንዳይቀንስ ብለን ፎቶን በ«ዶክመንት» ስንልክ፣ የተነሳበት ቦታ በፋይሉ ውስጥ ተመዝግቦ አብሮ ሊሄድ ይችላል። ይህን መቀስ አይቆርጠውም። የካሜራውን ማስተካከያ ከፍታችሁ የቦታ ምዝገባውን አጥፉት፤ እናቶችና አባቶች ካስቸገራችሁ ልጆቹ ያሳዩአችሁ።

ፊታችን ለወዳጅ ይድረስ፤ አድራሻችን እኛው ጋ ይቅር። ቸር ይግጠመን።