የሚሳቅበት ማን ነው?

በአሜሪካ «ኢንሴኪዩር» በተባለው የቴሌቪዥን ተውኔት ውስጥ፣ ሞሊ የምትባለው ጥቁር ጠበቃ በስሕተት እጇ የገባውን የነጭ ባልደረባዋን የደመወዝ ቼክ ገልጣ ከእርሷ የሚበልጥ መሆኑን ስታይ፣ እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሲስቅ የቆየው ተመልካች ጥርሱን ይሰበስባል። የሰደባት የለም፤ ሁሉም በፈገግታ ሰላም ይሏታል፤ ንቀቱ ግን በቁጥር ተጽፎ በየወሩ ሲከፈል ኖሯል።

እኛ የፎገራ ሰዎች ይህን አይተን የፈረንጅ አገር ግፍ ነው ብለን ማለፍ ይቀናናል። ነገር ግን በወረታ ገበያ ሩዙ የደረሰለት ገበሬ ከባለእጁ ማጭድ ሲገዛ፣ ስለቱን በአውራ ጣቱ ዳስሶ፣ ብረቱን በጥፍሩ መትቶ ድምፁን አዳምጦ፣ ጥበቡንም አመስግኖ ይከፍላል፤ ልጁን ለዚያ ሰው ልጅ እንዲድር ቢጠየቅ ግን «ቡዳ» የሚለው የአበው ስድብ ከምስጋናው ቀድሞ ከአፉ ይወጣል። ዐፄ ምኒልክ ሠራተኛን በሥራው መስደብ በ1900 ዓ.ም. በዐዋጅ ከልክለው ነበር፤ ዐዋጁ በየገበያው ተነገረ እንጂ ወደ ሰርግ ቤቱ አልዘለቀም።

የቤተ እስራኤል ወገኖቻችን ዕጣ ደግሞ ከዚህ ይልቅ ያስደንቃል። በጎንደር ምድር ብረት እየቀጠቀጡና ሸክላ እየሠሩ፣ በግብረ እዳቸው ምክንያት ሲናቁ ኖረው፣ ከፊሎቹ በሱዳን በኩል፣ እ.ኤ.አ. በ1991 ደግሞ ከ14 ሺህ የሚበልጡት ሁለት ቀን ባልሞላ ጊዜ ከአዲስ አበባ በአውሮፕላን ወደ ተስፋይቱ ምድር በተሻገሩ ጊዜ፣ በዚያ የጠበቃቸው ንቀት እጃቸውን ትቶ መልካቸውን ያዘ፤ ለሕሙማን የለገሱት ደም በስውር ይጣል እንደ ነበረ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲገለጥም ወደ ኢየሩሳሌም ወጥተው ጮኹ።

ከእነርሱ አንዱ፣ በሕፃንነቱ በእግሩ ሱዳን የገባው ዮሲ ቫሳ፣ ከሻይ ቤን አታር ጋራ ደርሶ ራሱ የተጫወተበት «ነቭሱ»፣ ነጭ እስራኤላዊት ያገባ የኢትዮጵያ ተወላጅ ከሁለቱ ቤተ ዘመድ መካከል ሲዋልል የሚያሳይ አስቂኝ ተውኔት ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የዓለም አቀፉን የኤሚ ሽልማት ተቀበለ። ሽልማቱ ይቆየንና፣ ትናንት ሲሳቅበት የነበረው ሰው ዛሬ ሳቁን ራሱ ማደላደሉ፣ ለእኔ ከብዙ ስብከት ይልቅ ልቡናን የሚመልስ ሆኖ ይታየኛል።

በእኛ ቴሌቪዥን ዘበኛውና የቤት ሠራተኛዪቱ አፋቸውን በከፈቱ ቁጥር የገጠር ንግግራቸው ብቻውን መሳቂያ ይሆናል፤ የሚቀጥራቸው ጌታ ግን፣ ምንም ያህል ቢያስቅ፣ በክብር ያልፋል። ይህ ከስንፍና የመጣ ይመስለኛል፤ ደካማን መቀለጃ ማድረግ ድካም የለውምና። ደራስያናችን የባለእጅ ልጅ በወረታ የሩዝ መፈልፈያ ባለቤት ሆኖ፣ ብድር ሊለምነው የመጣው ባለጠጋ ጎረቤቱ «ዘርህ ከወዴት ነው?» ብሎ ለመጠየቅ አፉ እየበላው በወንበሩ ላይ ሲቁነጠነጥ የሚያሳይ ተውኔት ቢጽፉልን፣ የወረታ ቡና ቤት ሁሉ ለዚያች ምሽት እንኳ ቴሌቪዥኑን ከእግር ኳሱ ላይ ያነሣ ነበር።