ለቀብሩ ሳይሆን ለቀብዱ እንድረስ

ለቅሶ ላይ ማን ይቀድመናል! ወርክሾፑ ከተዘጋ፣ ሠሪው መሣሪያውን ከሸጠ በኋላ "ወይ የድሮ ዕቃ! እንደሱ ያለ ዛሬ የት ይገኛል?" እያልን ደረት እንመታለን። ሰውየው በሩን ከፍቶ ደንበኛ ሲጠብቅ በዋጋው አጉረምርመን ያለፍነው ግን እኛው ነን። ዛሬ ቀብር ሳይደርስ ለቀብድ ልጠራችሁ ነው። ጉዳዩ ብስክሌት ነው፤ ሰው በእጁ የሚሠራው፣ የብረት የተራራ ብስክሌት።

"ለብስክሌት ደግሞ ክተት ይታወጃል?" የሚል አይጠፋም። ታሪኩን ስሙና ፍረዱ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ክሪስ ቻንስ የሚባል ሰው በማሳቹሴትስ፣ ከቦስተን አጠገብ ባለችው ሰመርቪል፣ ፋት ሲቲ ሳይክልስ የተባለ ወርክሾፕ ከፈተ። የተራራ ብስክሌት ያኔ ገና ጨቅላ ነበር። በካሊፎርኒያዋ ማሪን ወጣቶች አሮጌ ባለወፍራም ጎማ ብስክሌቶችን እየጠጋገኑ ከታማልፓይስ ተራራ ቁልቁል ሲሽቀዳደሙ ቆይተው፣ ጆ ብሪዝ ለዚሁ ሥራ ብሎ ያቀደውን የመጀመሪያ ፍሬም የሠራው በ1977 ነው። የቦስተን ዙሪያ ጫካ ደግሞ ሌላ ጠባይ አለው። መንገዱ ጠባብና ጠመዝማዛ፣ መሬቱ የዛፍ ሥርና ድንጋይ የበዛበት ነው። ፋት ሲቲ የሠራቸው፣ ፋት ቻንስ የተባሉት ብስክሌቶች የዚያ ጫካ ልጆች ናቸው። በተለይ ዮ ኤዲ የተባለው ሞዴል፣ የፊት ሹካው ወደፊት ሳይቆለመም እንደ ጦር ቀጥ ብሎ የሚወርደው፣ ዛሬም ሰብሳቢዎች የሚያሳድዱት ነው።

እስቲ አንድ ፍሬም እንዴት እንደሚሠራ እንይ፤ ዋጋው ያስደነገጠን ሥራውን ስላላየን ነውና። ቱቦው ክሮሞሊ ነው፤ ክሮሚየምና ሞሊብዲነም የተቀላቀለበት ብረት። ጫፍና ጫፉ ወፈር፣ መሐሉ ሳሳ ያለ ነው፤ ብየዳ በሚያርፍበት ቦታ ጉልበት እንዲኖረው፣ በሌላው ቦታ እንዲቀል። ሠሪው የአንዱን ቱቦ ጫፍ እንደ ዓሣ አፍ ፈልፍሎ ሌላው ቱቦ ላይ ያስቀምጠዋል። ብርሃን የሚያሳልፍ ክፍተት ካየ እንደገና ሞርሳ ላይ ያስርና በሞረድ ይመለስበታል። ከዚያ ብየዳው ይመጣል። እሳት ብረትን ያጣምማል፤ ስለዚህ በየትኛው በኩል ጀምሮ በየትኛው እንደሚጨርስ ማወቅ አለበት። ሲጨርስ ይለካል፤ ከተጣመመ ያቃናል። ይህን ሁሉ አድርጎ የሚያስረክበን ዕቃ ጥቂት ኪሎ ብቻ የሚመዝን፣ ግን ሰውና ድንጋይ ተባብረው ሲያንገላቱት ዓመታት የሚችል ነው። ቢሰበር እንኳ ሌላ ጎበዝ በያጅ ሊጠግነው ይችላል።

ባሕር ዳር ሜዳ ላይ በኪራይ ብስክሌት ያደግን ሰዎች ይህን ነገር ቶሎ እንረዳዋለን። ካቴና የወለቀበትን በእጃችን መልሰናል፤ ራጂ የተሰበረበትን ቸርኬ በዓይናችን እያየን አቃንተናል። የተሠራ ዕቃ ሠሪ እንዳለው ያወቅነው እዚያ ነው።

ወደ ታሪኩ እንመለስ። በ1990ዎቹ ገበያው ተለወጠ። አሉሚኒየም መጣ፤ የፊት ሹካ ሱስፔንሽን ለበሰ፤ ፍሬም በገፍ የሚያመርቱ የታይዋን ፋብሪካዎች ገበያውን ያዙ። በ1994 ፋት ሲቲ ተሸጠ፤ አዲሶቹ ባለቤቶች ሥራውን ጠቅልለው ወደ ኒው ዮርክ ግዛት፣ ሳውዝ ግሌንስ ፎልስ ወሰዱት። ስሙ ኒው ዮርክ ሄደ፤ እጁ ሰመርቪል ቀረ። ከቀሩት ሠራተኞች አንዳንዶቹ በ1995 ኢንዲፔንደንት ፋብሪኬሽን የተባለ፣ ባለቤቶቹ ራሳቸው ሠራተኞቹ የሆኑበት ወርክሾፕ እዚያው ሰመርቪል አቆሙ። የሄደው ስም ግን ብዙም ሳይቆይ ከገበያ ጠፋ።

ይህችን ነጥብ ያዙልኝ። ስም ያለ እጅ ተለጣፊ ወረቀት ነው።

ከዓመታት በኋላ፣ በ2015፣ ክሪስ ቻንስ ራሱ ተመለሰ። ኪክስታርተር በተባለው የኢንተርኔት መድረክ ላይ ወጥቶ ሕዝቡን መዋጮ ጠየቀ። ሰዎች ገና ያልተበየደ ፍሬም ላይ ገንዘባቸውን አስያዙ፤ ፋት ቻንስም እንደገና ተሠራ። ያስያዙት ሰዎች የተለየ ሀብት የነበራቸው አይመስለኝም። ከእኛ የሚለዩት ቀድመው በመድረሳቸው ነው።

የዚህ መዋጮ አሠራር ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሠሪው "ይህን ያህል ካልሞላ አልጀምርም" ይላል፤ ሰዎች ቃል ይገባሉ፤ በቀነ ገደቡ ካልሞላ ከማንም ኪስ አይወጣም፤ ከሞላ የመድረኩ 5 በመቶ ኮሚሽንና የክፍያ ማስተላለፊያው ወጪ ተቆርጦ ቀሪው ለሠሪው ይደርሳል። ሱቅ አይደለም፤ ዕቃው ሊዘገይ፣ ጭራሽም ሊቀር ይችላል። ያንን አውቆ የሚገባ ይግባ። ለሕዳሴ ግድብ ቦንድ የገዛ፣ በ8100 አጭር ቁጥር መልእክት የላከ ሕዝብ "መዋጮ ምንድን ነው?" ብሎ አይጠይቅም።

እኔ ግን አንድ ቅሬታ አለኝ። የኢንተርኔት መዋጮ ጎርፍ ነው። በአንድ ወር ብዙ ትዕዛዝ አንድ በያጅ ትከሻ ላይ ይወርዳል፤ ሰውየው ሌሊት ሲበይድ ይከርማል፤ ጎርፉ ሲያልፍ ደግሞ ወርክሾፑ ጭር ይላል። ብቻውን የሚሠራ ሰው የሚፈልገው በየወሩ የማይቋረጥ ምንጭ ነው። ያ ምንጭ ደግሞ በእጃችን አለ፤ ዕቁብ ይባላል።

አስቡት። በእጅ የተሠራ የብረት ፍሬም ዛሬ 2000 ዶላር አካባቢ ወይም ከዚያ በላይ ያስወጣል። አሥራ ሁለት ሰው በወር 200 ዶላር ቢጥል 2400 ዶላር ነው። በየወሩ ዕጣው ለወጣለት ሰው ልክ አንድ ፍሬም ይታዘዛል። ሠሪው ለአንድ ዓመት ሙሉ በየወሩ አንድ እርግጠኛ ሥራ አገኘ ማለት ነው፤ በዚያ ላይ ኪራይ ይከፈላል፣ ቱቦ ይገዛል፣ ለማጅ ይቀጠራል። ዳኛው ገንዘቡን ይይዛል፤ ጸሐፊው ይመዘግባል፤ መጀመሪያ የወጣለት ዋስ ይጠራል። የተዘጋ ወርክሾፕ ለማስከፈት የሚያስፈልገውን ትልቁን ገንዘብ መዋጮው ያምጣ፤ ተከፍቶ እንዳይዘጋ የሚያደርገውን ዕቁቡ ይቻለው።

ጥሪው በተለይ ለማን ነው? አስቀድሞ ለቦስተንና ለካምብሪጅ ሰዎች። የካምብሪጅ ከተማ ማስታወቂያዎቹን ከሚያስተረጉምባቸው ቋንቋዎች አንዱ አማርኛ ነው፤ ያን ያህል ሆነናል ማለት ነው፤ ሰመርቪል ደግሞ ጎረቤት ናት። ቀጥሎ ለዋሽንግተን፣ ለአውሮፓ ከተሞች። ለባሕር ዳርና ለሐዋሳ ልጆችም ነው፤ በ200 ዶላር ሳይሆን በብራችሁ፣ በአቅማችሁ ልክ። ኪክስታርተር ዘመቻ እንዲከፍቱ ከሚፈቅድላቸው አገሮች ዝርዝር ኢትዮጵያ የለችም። ዕቁብ ለመጣል ግን የማንም ዝርዝር ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ እጁ የሰላ፣ ቱቦ ሰጥተነው ፍሬም ሊሠራ የሚሞክር በያጅ በየሰፈሩ አለ።

ለእናቱ ብር የሚልክ፣ ኪራይ የሚያባርረው ሰው እንዳለ አውቃለሁ። እሱን አልወቅስም፤ ለሁለት ሰው አንድ ዕጣ ይሁንለት። የምወቅሰው በየሁለት ዓመቱ ብስክሌት እየቀያየረ "የድሮው ይሻል ነበር" የሚለውን ነው።

ቀብድ ከማስያዛችን በፊት ሠሪውን እንጠይቅ። ችቦውን የሚይዘው ማን ነው? ስሙስ በሕግ የማን ነው? የፋት ሲቲ ታሪክ ያስተማረን ይህን ነው፤ ስሙ ሌላ ሰው እጅ ከሆነ ነገ ተሸጦ ይሄዳል። በወር ስንት ፍሬም ይችላል? አንድ ካለ አንድ፤ ሃያ የሚል ሠሪ ያስፈራኛል። መልሱ ካልጣመን ወደ ሌላው እንሂድ፤ ስሙ የተቀበረበት፣ እጁ ግን ያልተቀበረበት ሠሪ ብዙ ነው። የአብዛኞቹ ዕድሜ ግን እየገፋ ነው፤ ስሙን የምናስነሳው እጁ ሳይደክም ነው።

እንግዲህ በዚህ ሳምንት ከምድር ቤት ያስቀመጣችሁትን አሮጌ ብስክሌት አውጡ፤ አቧራውን ጥረጉ፤ ፍሬሙ ላይ የተጻፈውን ስም አንብቡና ሠሪው ዛሬ የት እንዳለ አጠያይቁ። በሚቀጥለው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ ወይም ዓርብ ከስግደት በኋላ ቡና ስትጠጡ ነገሩን አንሱ። ዳኛ የሚሆን ሰው አይጠፋም፤ ጸሐፊነቱን እኔ እችላለሁ። የመጀመሪያውን ስም ጽፌያለሁ፤ የራሴን። አሥራ አንድ መስመር ባዶ ነው፤ ኑና ሙሉት።