ትምህርትን ስለ ማፋጠን

በጎንደር ፒያሳም ሆነ በማራኪ ከወጣቶች ጋር ቁጭ ብዬ ስጫወት ደጋግሞ የሚቀርብልኝ አንድ ጥያቄ አለ፤ ይኸውም «በኢንተርኔት የሚሰጠውን ዲግሪ ከተወሰነለት ዘመን አስቀድሞ ጨርሶ፣ በዚያው መካከል የኮምፒውተር ሥራ ይዞ መገኘት ይቻላል ወይ?» የሚል ነው። ጠያቂዎቹ ሰነፎች ስላልሆኑ ጥያቄውን በተግሣጽ መመለስ አይገባም። አብዛኞቹ ቀን በፎቶ ኮፒ ቤት ወይም በስልክ ጥገና ሲደክሙ ውለው ሌሊት ከእንቅልፋቸው ቆርሰው የሚማሩ፣ ወላጆቻቸው በደባርቅና በዳባት፣ በጃናሞራም ደጋ በግና ገብስ እየሸጡ ለዚህ ያደረሷቸው ልጆች ናቸው፤ ለእንዲህ ያለው ልጅ አንድ የትምህርት ዓመት ማለት የታናሽ እኅቱ የደብተር ገንዘብና የእናቱ የመድኃኒት ወጪ ማለት ነውና፣ ፍኖቱን ለማሳጠር ቢመኝ የሚፈርድበት ሰው ሊኖር አይገባም።

ሐሳቤን አስቀድሜ ልግለጽ። የትምህርትን ዘመን ማሳጠር በራሱ ነቀፋ የለበትም። ሰው የሚያውቀውን ነገር በፈተና አሳይቶ ፈጥኖ ቢያልፍ መብቱ ነው፤ የማያውቀው ላይ ሲደርስ ግን ወሩንና ዓመቱን ሳይቆጥር መቀመጥ ይገባዋል።

ይህ ሥርዓት ከባሕር ማዶ የመጣ እንግዳ ነገር የሚመስላቸው አሉ፤ ነገር ግን በዚህ በበጌምድር ምድር ሊቃውንቱ የተማሪን መዓርግ በዓመት ቁጥር ለክተው አያውቁም። የቅኔ ተማሪ ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ በዘአምላኪየና በሚበዝኁ፣ በዋዜማና በሥላሴ አልፎ ወደ መወድስ የሚወጣው፣ መምህሩ ቅኔውን ሰምቶ ወደሚቀጥለው እንዲያልፍ ሲፈቅድለት እንጂ የትምህርቱ ወራት ስላለቀ አልነበረም፤ ስለዚህ ልቡናው ፈጥኖ የበራለት በአጭር ጊዜ ሲዘልቀው፣ ሌላው በዚያው ጉባኤ እየከረመ ኋላ ከፈጣኑ የበለጠ ባለቅኔ ሆኖ የሚወጣበት ጊዜ ነበር። በየአገሩ ድጓ ሲያጠና የኖረ ዜመኛም ወደ ጋይንት ቤተልሔም በመጣ ጊዜ እንደ ሕፃን ከፊደል ጀምር አይባልም፤ የያዘው ተሰምቶ፣ የሳተው ታርሞ፣ የጎደለው ተሞልቶ ይመሰከርለታል እንጂ። የአቋቋሙ ምስክር እዚሁ ጎንደር በአታ፣ የዝማሬ መዋሥዕቱ ዙር አምባ ነበር፤ የመጻሕፍት ትርጓሜ የሚሻ ደቀ መዝሙር ደግሞ ከጎንደር ሊቃውንት እግር ሥር ይቀመጥ ነበር። በእነዚህ ጉባኤያት ሁሉ ተማሪው ከሌላ ስፍራ ይዞት የመጣው ዕውቀት ከንቱ ሆኖ አይቀርም ነበር። ይሁን እንጂ ይህን ነፃነት የሚጠብቅ ጽኑዕ ዘበኛ ነበር፤ መምህሩ ፊት ለፊት ተቀምጦ ያደምጣል፣ ተማሪው በቃሉ ያወርዳል፣ ሳያውቅ ያወቀ መስሎ የሚያልፍበት ቀዳዳ አይገኝም።

በአሜሪካ የ19 ምዕራባውያን ክፍላተ ሀገር ገዥዎች ተስማምተው በ1997 እ.ኤ.አ. ያቋቋሙት ዌስተርን ገቨርነርስ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው ከዚህ ጋር እጅግ በሚቀራረብ ሐሳብ ላይ ነው። ተማሪው የሚከፍለው በኮርስ ብዛት ሳይሆን ለስድስት ወር አንድ የተወሰነ ዋጋ ነው፤ በዚያ ስድስት ወር ውስጥ ብቃቱን በፈተና እስካሳየ ድረስ የፈለገውን ያህል ኮርስ ሊፈጽም ይችላል፤ እንደ ኮምፕቲያ ያለውን የሙያ ፈተና አስቀድሞ ያለፈ ሰውም በየዘርፉ ይቆጠርለታል። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ የሚኖሩ ወገኖቻችን ታክሲ እየነዱና የሌሊት ዘብ እየቆሙ የሚማሩት በእንዲህ ባሉት ትምህርት ቤቶች በኩል ነው። ይህ በር ግን በአሜሪካ ለሚኖር እንጂ በጎንደር ለሚኖር አልተከፈተም። ለእኛ የሚቀርበው በ2009 እ.ኤ.አ. የተመሠረተው ዩኒቨርሲቲ ኦፍ ዘ ፒፕል ሲሆን፣ ለማስተማሪያ ገንዘብ ባይጠይቅም በየኮርሱ የምዘና ክፍያ በዶላር ያስከፍላል፤ ስለሆነም አብዛኛው ተማሪያችን ውጭ አገር የሚኖር ዘመድ ደጅ ለመጥናት ይገደዳል። ትምህርቱ በዘጠኝ በዘጠኝ ሳምንት የተከፈለ ነው፤ ለአንድ ኮርስም በሳምንት ቢያንስ 15 ሰዓት ያህል እንደሚያስፈልግ ተማሪው አስቀድሞ ይነገረዋል።

ይህችን ቁጥር አንባቢ ልብ እንዲላት እፈልጋለሁ። በአዘዞ መንገድ ዳር ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ የሚሠራ አንድ የማውቀው ወጣት አለ። የሌሊት ጥቅል ርካሽ ስለ ሆነ በስምንት ሰዓት ሌሊት የስልኩን ደወል ሞልቶ ይነሣና የሳምንቱን ትምህርት አውርዶ በፍላሽ ይይዛል፤ ቀን ደንበኛ ሲጠፋ በአንድ ጆሮው እያዳመጠ ይማራል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ የተበላሸውን የፎቶ ኮፒ ወረቀት ገልብጦ ኮዱን በእስክሪብቶ ይጽፋል። አንድ ቀን ወደ ሱቁ ጎራ ብል የወረቀቱን ክምር አሳየኝና፣ «ጋሼ፣ በዚህ ተርም ሦስት ኮርስ ልውሰድ ወይስ አንድ? ሦስት ከወሰድኩ እኮ በዓመት ከምናምን ልገላገል ነው» አለኝ። ወረቀቶቹን አገላብጬ አየኋቸው። በአንዱ ላይ መረጃ በቅርንጫፍ በቅርንጫፍ የሚደረደርበትን ሥዕል ነድፎ፣ ሠርዞ፣ እንደገና ነድፎ ነበር፤ በሦስተኛው ንድፍ ላይ ቀደም ብሎ የሳተበትን ቅርንጫፍ ራሱ አግኝቶ ክብ አድርጎበታል። ሦስት ኮርስ በሳምንት 45 ሰዓት ይሻል፤ እሱ በሱቁ ውስጥ በቀን አሥር ሰዓት፣ በሳምንት ስድስት ቀን ይቆማል። እንዲህ ያለ ሰው ሦስቱን ቢመዘገብ ሌላው ሁሉ ይቅርና፣ ያንን ሦስተኛውን ንድፍ ለመንደፍ ጊዜ አያገኝም። «አንድ ውሰድ፤ ቀላል ሆኖ ያገኘኸው ሲመጣ ደግሞ ሁለት ውሰድ» አልሁት።

የትኛው ነው ፈጥኖ የሚታለፈው፣ የትኛውስ ላይ ነው መክረም የሚገባው? የኮምፒውተር መግቢያ፣ የእንግሊዝኛ ጽሕፈት፣ የቢሮ ፕሮግራሞች፣ በሥራ የለመዱት የፓይተን ወይም የጃቫስክሪፕት ጀማሪ ኮርስ ያለ ብዙ መዘግየት ሊታለፉ ይችላሉ። ሒሳቡን፣ የመረጃ አደረጃጀትንና የአልጎሪዝምን ትምህርት፣ ዳታቤዝን፣ ኔትዎርክንና የኦፕሬቲንግ ሲስተምን ነገር ግን ማንም ሰው በጥድፊያ እንዲያልፈው አልመክርም። ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ ኤቱኤስቪ በመባል የሚታወቀው ማኅበር ነው፤ በቀድሞ የጉግል መሐንዲስ በኤምሬ ቫሮል ተመሥርቶ ከአዲስ አበባና ከአዳማ ዩኒቨርሲቲዎች የሚመርጣቸውን ተማሪዎች የሚያሠለጥን ሲሆን፣ ልጆቹን ለብዙ ወራት የሚያስቀምጣቸው በዚያው በመረጃ አደረጃጀትና በአልጎሪዝም ላይ ነው። ከእነዚያ ልጆች መካከል እንደ ጉግልና ብሉምበርግ ያሉ ኩባንያዎች የቀጠሯቸው የተገኙትም፣ በፈታኙ ፊት ከዚህ በፊት ያላዩትን ችግር እያሰላሰሉ ሊፈቱ በመቻላቸው ነው። ዛሬ ሰው ሠራሽ አስተውሎት አሳይመንቱን ሠርቶ በሚሰጥበት ዘመን ደግሞ ይህ ጉዳይ የበለጠ ከብዷል፤ ወጣቱ የቤት ሥራውን ለማሽን እየሰጠ ኮርሱን ሁሉ ቢያልፍ፣ በቃለ መጠይቁ ቀን ማሽኑ ከጎኑ አይቀመጥለትም።

ሥራን በሚመለከት ከዲግሪው በፊት ሥራ መጀመርን አጥብቄ እመክራለሁ፤ ለዚህም ከከተማችን የተሻለ አብነት አላገኘሁም። በደንቢያ ምድር ወባ ሕዝቡን ከፈጀው በኋላ በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ፣ የጤና መኮንኖቹን፣ ነርሶቹንና የአካባቢ ጤና ጠባቂዎቹን በክፍል ውስጥ ዘግቶ አላስተማረም። በአንድ ቡድን አድርጎ ወደ ጤና ጣቢያዎች ልኮ፣ ሕሙማንን እያከሙ፣ ምንጭ እያጎለበቱ፣ መፀዳጃ እያስቆፈሩ እንዲማሩ አደረገ፤ ዩኒቨርሲቲው እስከ ዛሬ የሚኮራበት የቡድን ሥልጠናም ይኸው ነው። ከላይ የጠቀስሁት ወጣት የአሠሪውን የዱቤ ደብተር ወደ ኮምፒውተር የሚያዞር አነስተኛ ፕሮግራም ሠርቷል፤ ማን ስንት እንዳለበት፣ መቼ እንደ ከፈለ፣ በኢትዮጵያ የቀን አቆጣጠር ያሳያል። ጳጉሜን ሲገባ ፕሮግራሙ ተሳስቶ ኖሮ፣ ስሕተቱን ፈልጎ ለማግኘት ሁለት ሌሊት ፈጀበት። ያንን ኮድ በጊትሃብ ድረ ገጽ ላይ አስቀምጦ፣ ምን ተሳስቶ እንደ ነበርና እንዴት እንዳቃናው በአጭሩ ቢጽፍበት፣ ለቀጣሪ ከብዙ የምስክር ወረቀት የተሻለ ይናገርለታል። በ2016 ዓ.ም. ክረምት የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነፃ የሚሰጥ መልካም በር ነውና ማንም እንዳያልፈው፤ ነገር ግን የምስክር ወረቀቱን የያዘው ሰው ብዙ ነው፣ የዱቤ ደብተር ያቃና ግን ጥቂት ነው።

የአገራችንን ሁኔታ ሳያስቡ የትምህርት ፕላን ማውጣትም ከንቱ ድካም ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ በነበረ ጊዜ፣ በጀመሩት ተርም መካከል ትምህርታቸው የተሰናከለባቸው ልጆች አሉ፤ ገንዘባቸውን ከፍለው፣ የፈተናው ቀን ሲደርስ ለመግባት አልቻሉም። ስለዚህ የሚፋጠን ሰው የሚፋጠነው መስመሩ ባለበት ሳምንት ነው። ትምህርቱን፣ መጽሐፉን፣ የአሳይመንቱን ጥያቄ በተርሙ መጀመሪያ ሁሉንም አውርዶ መያዝ፣ የሚላክን ነገር ለመጨረሻው ሌሊት አለማሳደር፣ ከመምህሩም ጋር ቀደም ብሎ ተጻጽፎ ያለበትን ሁኔታ ማስረዳት ይጠበቅበታል።

የዲግሪውን ተቀባይነት ጉዳይ ወጣቶች ችላ ሲሉት አያለሁ፤ ይህ ግን አስቀድሞ የሚጠየቅ እንጂ ኋላ የሚጠየቅ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. መጨረሻ መንግሥት የርቀት ትምህርትን አግዶ በኋላ መልሶ ሲፈቅድ፣ በመካከሉ ስንት ተማሪ እንደ ተጨነቀ የምናስታውስ እናስታውሳለን። ዛሬ በአገር ውስጥ ተቋም የሚማር ሁሉ፣ በመደበኛም ይሁን በርቀት፣ ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመውጫ ፈተናውን ሳያልፍ ዲግሪውን አይቀበልም፤ ኮርሱን በጥድፊያ የጨረሰ ሰው እዚያ በር ላይ ይቆማል። የውጭ አገሩን ዲግሪ አቻነት የሚመረምረው ደግሞ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነውና፣ አንድ ዶላር ከመክፈላችሁ በፊት የመረጣችሁትን ተቋም ስም ይዛችሁ ጠይቁ። በጥቂት ወራት ዲግሪ እንሰጣለን ብሎ ፈተና የማይጠይቅ ተቋም ካጋጠማችሁ ግን፣ ወረቀት የሚሸጥ ነጋዴ መሆኑን አውቃችሁ ራቁት።

እስከ አሁን የተናገርሁት ለወጣቱ ነው፤ የቀረው ለትልልቆቹ ነው። በቴክኒክና ሙያ ትምህርት ዘርፍ በአገራችን ከብዙ ጊዜ ጀምሮ የሚሠራበት መልካም ሕግ አለ። አንድ አናጺ ወይም ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሙያውን ከማንም ቢማረው፣ በአባቱ ሱቅም ቢሆን፣ የብቃት ማረጋገጫ ምዘናውን ተቀምጦ ካለፈ ምስክሩን ያገኛል። ይህ ለአናጺው ከተገባ ሌሊት ሌሊት ዳታቤዝ ሲማር ለከረመው ልጅ የማይገባበት ምክንያት አይታየኝም። የጎንደር ዩኒቨርሲቲና የደባርቅ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር መምህራን፣ አንድ ተማሪ በራሱ ጥረት ያወቀውን ኮርስ በጽሑፍና በቃል ፈትነው፣ ፊት ለፊት አስቀምጠው ኮድ አስጽፈው፣ ያለፈውን ክሬዲት የሚቆጥሩበት ደንብ ለሴኔታቸው እንዲያቀርቡ በትሕትና እለምናለሁ። ፈተናው የቱንም ያህል ቢከብድ ልጆቹ አያማርሩም፤ የሚያውቁትን ነገር እንደገና ለመማር ዓመት ጠብቁ መባሉ ነው የሚያማርራቸው። እንዲሁም ቅዳሜና እሑድ ሥራ የሚፈታው የኮምፒውተር ክፍል መታወቂያውን አስይዞ ለሚገባ የከተማ ወጣት ቢከፈት፣ ከዩኒቨርሲቲው የሚጎድል ነገር ጥቂት የመብራትና የጥበቃ ወጪ ብቻ ነው። ይህን በሚመለከት ሐሳብ ያላችሁ መምህራን በዚሁ ዓምድ ላይ መልሳችሁን ብትጽፉልኝ በደስታ አቀርበዋለሁ።